በድሬዳዋ ሙቀት ልጆችን በበረዶ ማጫወት፦ ደረጃ በደረጃ

«በረዶው እኮ ጨዋታው ሳይጀመር አለቀብን፤ አንቺ ግን እንዴት ነው የምታደርጊው?»

ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ልጆች ከሰዓት ከቤት መውጣት ሲያቅታቸው፣ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው ግቢያችን የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ በበረዶ ሳጫውት የሚያዩ እናቶች ናቸው የሚጠይቁኝ። ሁሉም የሚጀምሩት በፍሪጅ ትሪ በሚሠሩት ትንንሽ በረዶዎች ነው፤ ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ነው። ትንሽ በረዶ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ለአየር የሚጋለጠው ገጽ ብዙ ስለሆነ፣ ልጁ አገላብጦ ሳያየው ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በረዶውን ትልቅ አድርጋችሁ ሥሩ።

መመሪያው ከ3 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ሐረር ያላችሁ በረዶው ከእኛ ዘግየት ብሎ ስለሚቀልጥላችሁ አትጣደፉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፍሪዘር ያለው ፍሪጅ። ከሌላችሁ በፌስታል ታስሮ የሚሸጠው በረዶ ይሆናል፤ ግን ለመንካት እንጂ ለአፍ አይሁን።
- ግማሽ ሊትር ያህል የሚይዙ 2 ወይም 3 የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህኖች። አፉ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስም ይበቃል።
- 4 የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ ሁሉም እኩል መጠን ያላቸው።
- አንድ ሳፋ ወይም ጠርዝ ያለው ሰፊ ትሪ።
- ግማሽ ኪሎ የገበታ ጨው።
- መርፌ የሌለው ባለ 10 ወይም ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ከፋርማሲ።
- የጥጥ ወይም የሹራብ ክር፣ አንድ ክንድ ያህል።
- አንድ ጋቢ (ወይም ወፍራም ፎጣ) እና ጥቂት የማያፈሱ ፌስታሎች።
- የቀይ ሥር ውሃ ወይም ተዘፍዝፎ የቀላ ካርካዴ፣ ለቀለም።
- ከልጁ ጡጫ የማያንሱ የፕላስቲክ መጫወቻዎች፣ ቅጠል፣ አበባ።
- የሚያሳይ ብርጭቆ፣ ቢቻል የፕላስቲክ።
- ደረቅ ፎጣ፣ ለእጅም ለወለልም።

አስቀድማችሁ የምትጠነቀቁባቸው

በረዶ ያንቃል። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ አፉ ውስጥ ሊገባ የሚችል በረዶ አይሰጠው። ትልቅ አድርጋችሁ ሥሩ ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። እየቀለጠ ሲያንስ ደግሞ ሰብስቡ።

ጨውና በረዶ ሲደባለቁ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ ሊወርዱ ይችላሉ። ያ ቅዝቃዜ ቆዳን እንደ እሳት ያቆስላል። «እስቲ ማን ይችላል» ብለው ትልልቆቹ የሚወዳደሩበት ነገር ስለሆነ፣ ጨው ያለበት በረዶ እጅ ላይ ተይዞ አይቆይ። በጨው ስትሠሩ ዓይናችሁን ከልጆቹ ላይ አትንቀሉ።

ሳፋ ውስጥ ያለ ውሃ ጥቂት ቢሆንም ለሕፃን አደገኛ ነው። ዳዴ የሚል ልጅ በግቢው ካለ፣ ስልክ ለማንሳት እንኳ ሳፋውን ትታችሁ አትሂዱ፤ ሲያልቅ ወዲያው ድፉት።

የመስታወት ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ። እኔ አንድ ጊዜ ለሌሊቱ ብዬ የመስታወት ጠርሙስ ሞልቼ ዘግቼ አስቀመጥኩ። ጠዋት ስከፍተው ጠርሙሱ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ስብርባሪው ከልጆቹ የማንጎ ሳህን ላይ ተበትኖ አገኘሁት። ሳህኑን ከነማንጎው ጣልኩት፤ ፍሪዘሩን ለማጽዳትም ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

አሠራሩ

1. ማታውን በረዶውን ሥሩ።

ጎድጓዳ ሳህኑን ውሃ እስከ ግማሹ ሙሉና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ሦስት አራት ሰዓት ቆይቶ ሲጠጥር መጫወቻውን ላዩ ላይ አድርጉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት፣ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል አጉድላችሁ መልሱት። ሁለት ጊዜ የምንሠራው መጫወቻው መሐል እንዲቀር ነው። በአንድ ጊዜ ከሠራችሁት ቀላሉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ታች ይቀመጣል፤ ልጁም ሳይለፋ ያወጣዋል።

ማጉደላችሁን አትርሱ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ቦታ ካላገኘ ሳህኑን ይሰነጥቃል። የእኔን ጠርሙስ የሰበረውም ይኸው ነው።

ከዚያው ጋር አራቱን ኩባያዎች እኩል ውሃ ሞልታችሁ አስገቡ። በአንዱ ውሃ ላይ ቀይ ሥር ወይም ካርካዴ ጨምሩ። ባለ አንድ በር ፍሪጅ ከሆነ ሙሉ ሌሊት ስጡት። ሌሊት መብራት ከጠፋ ፍሪዘሩን እየከፈታችሁ አትዩ፤ በከፈታችሁት ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል።

በረዶው መሐሉ ነጭ ቢሆን አልተበላሸም። ውሃ ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚረጋ፣ በውስጡ ያለው አየርና ማዕድን ወደ መሐል ይገፋል። የእኛ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ታውቁታላችሁ። አፍልታችሁ አቀዝቅዛችሁ ብትሠሩት ትንሽ ይጠራል።

2. ሰዓቱንና ቦታውን ምረጡ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ኒም ወይም ሌላ ሰፊ ጥላ ያለው ዛፍ ካለ ከሥሩ አንጥፉ። ሊሾ ላይ ከሆነ ያንሸራትታልና ከሳፋው ሥር ጆንያ ዘርጉ፤ ልጆቹም ባዶ እግራቸውን አይቁሙ። በረዶውን ሁሉ አንዴ አታውጡ። የምትጫወቱበትን ብቻ አውጡ፣ ሌላው ተራው እስኪደርስ ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ።

3. ያስነኩ፣ ይጠይቁ፣ ዝም ይበሉ።

አንዱን ትልቅ በረዶ ሳፋው ላይ አድርጉና «ምን ይመስላችኋል? ሲነኩት ምን ይላል? ምን ይሸታል?» በሉ። በእኛ ግቢ አንዱ በአማርኛ በረዶ፣ አንዷ በኦሮምኛ ጨቢ፣ አንዱ በሶማሊኛ በረፍ ይለዋል፤ ሦስቱንም ስም ሁሉም ልጆች ይማሩታል። ከፍሪዘር እንደወጣ የተነካ በረዶ ጣት ላይ ያዝ ያደርጋል። ጣት ላይ ያለችው ትንሽ እርጥበት በቅዝቃዜው ስለምትረጋ ነው። ልጁ ቢደነግጥ አትጎትቱት፤ ትንሽ ውሃ አፍስሱበት፣ ወዲያው ይለቃል። ምላስ ግን በፍጹም አይነካ።

ይህ ደረጃ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ከባዱ ነገር የእናንተ ዝም ማለት ነው። መልሱን ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ልጁ በረዶውን ትቶ የእናንተን ፊት ማየት ይጀምራል።

4. የታሠረውን አስፈቱ።

መጫወቻ ያለበትን በረዶ ስጧቸውና «እንዴት እናውጣው?» በሉ። መጀመሪያ በማንኪያ ይመቱታል፤ ተዉአቸው፣ ፊት ለፊት ግን አይሁኑ፣ ስብርባሪው ዓይን ይነካል። ከዚያ ሦስት መንገድ አቅርቡ፦ ለብ ያለ ውሃ በስሪንጅ፣ ጨው በማንኪያ፣ ወይም በመዳፍ ይዞ ማሞቅ። ጨው ያስነካችሁትን በረዶ በእጅ አታስይዙ። ለብ ያለ ማለት በክንዳችሁ ስትሞክሩት የማያቃጥል ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሞቀ ውሃ ለልጅም አይሆን፣ በረዶውንም በአንዴ ይሰነጥቀዋል።

ስሪንጁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የትንንሽ ጣቶችን አቅም ያጠነክራል፤ ውሃው የት እንደወደቀና የት ጉድጓድ እንደሠራም ልጁ ለይቶ ያያል። በጆግ ካፈሰሳችሁ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀልጥና የሚታይ ነገር አይቀርም። ጨው የነካው ቦታ ደግሞ ጎርጎር ያለ ጉድጓድ ያወጣል፤ ቀለም ያለው ውሃ ጠብ ብታደርጉበት ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቀይ መስመር ሆኖ ይወርዳል። እኔ ራሴ ዛሬም እሱን ማየት አይሰለቸኝም።

5. በረዶን በክር አንሡ።

ከ5 ዓመት በላይ ላሉት ነው። ከትሪ ላይ አንድ ትንሽ በረዶ አውጡ (እዚህ ጋ ትንሽ ያስፈልጋል፤ ትንንሾቹ ልጆች ግን አጠገቡ አይሁኑ)። ክሩን ውሃ ነክራችሁ በረዶው ላይ አጋድሙት። በሁለት ጣት ቆንጥራችሁ ጨው ክሩ ላይ ነስንሱ። አንድ ደቂቃ ያህል ቆጥራችሁ ቀስ ብላችሁ አንሡ። በረዶው ክሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይወጣል።

ምን ሆነ? ጨው ውሃ የሚረጋበትን ዲግሪ ከዜሮ በታች ያወርደዋል፤ ስለዚህ ከክሩ ሥር ያለው በረዶ ትንሽ ይቀልጣል። በረዶ ሲቀልጥ ደግሞ ከዙሪያው ሙቀት ይወስዳል። በዚያ ቅዝቃዜ ጨው ብዙም ያልደረሰበት ውሃ መልሶ ይረጋና ክሩን ይዞ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ «እምቢ አለን» የሚሉኝ በዚህኛው ነው። ምክንያቶቹ ሁልጊዜ አንድ ናቸው። አንደኛ፣ በረዶው ቆይቶ ላዩ ውሃ ሆኗል። እዚህ አገር ሁለት ደቂቃም ብዙ ነው፤ ክሩና ጨው ተዘጋጅተው በረዶው ከፍሪዘር በቀጥታ ይምጣ። ሁለተኛ፣ ጨው በዝቷል። ቁንጥር ብቻ፤ ማንኪያ ሙሉ ካፈሰሳችሁ መቅለጥ እንጂ መርጋት የለም። ሦስተኛ፣ ክሩ ናይለን ነው። ናይለን ውሃ ብዙም አይመጥም፣ በረዶውም የሚይዘው ነገር አያገኝም። አራተኛ፣ ልጆቹ አንድ ደቂቃ መታገሥ አቅቷቸው ክሩን አራት ጊዜ ጎትተውታል። ለዚህ መድኃኒቱ ዘፈን ነው፤ የሚያውቁትን አንድ መዝሙር ጀምሩላቸውና ሲያልቅ አንሡ በሏቸው።

6. ጋቢ በረዶን ያሞቀዋል?

ይህን ጨዋታ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ሁለት እኩል የኩባያ በረዶዎች ውሰዱ። ሁለቱንም በየራሳቸው ፌስታል አድርጋችሁ እሠሯቸው። አንዱን እንዲሁ ሳህን ላይ ተዉት፤ ሌላውን ጋቢ ውስጥ አራት አምስት ዙር ጠቅልሉት። ሁለቱም አንድ ጥላ ውስጥ ይሁኑ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን እያንዳንዱን ልጅ «የትኛው ቀድሞ ይቀልጣል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጠጠር አስቆጥሩ፤ ለዚህኛው የገመተ እዚህ፣ ለዚያኛው የገመተ እዚያ ጠጠሩን ያስቀምጥ።

አብዛኛው ጠጠር ጋቢው ጋ ይሄዳል። አንድ የ5 ዓመት ልጅ የሁሉንም ሐሳብ እንዲህ ብሎ ጠቀለለልኝ፦ «አቦ፣ ጋቢ እኮ ይሞቃል!» ልክ ነው፣ እሱን ያሞቀዋል። በየ15 ደቂቃው ክፈቱና አሳዩዋቸው፣ ፈጥናችሁም መልሳችሁ ጠቅልሉ። በእኛ ግቢ ያልተጠቀለለው ሙሉ በሙሉ ውሃ ሲሆን ጋቢው ውስጥ ያለው ገና የእንቁላል ያህል ቀርቶ ነበር። ልጁ ፌስታሉን በጣቱ እየዳበሰ ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያ «ጋቢው ሙቀቱን ከለከለው» አለ። እኔ ያልኩት አንድም ነገር አልነበረም።

ጋቢ የራሱ ሙቀት የለውም። በክሮቹ መሐል የያዘው አየር ሙቀት ቶሎ እንዳያልፍ ያደርጋል። ከሰው ገላ ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል፤ ከውጭ ወደ በረዶው እንዳይገባም ያዘገያል። በረዶ በጆንያና በሰጋቱራ ተጠቅልሎ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ፌስታሉ የሚያስፈልገው ጋቢው እንዳይረጥብ ነው፤ የረጠበ ጨርቅ አየሩን በውሃ ስለሚተካ መከላከሉ ይቀንሳል። ያልተጠቀለለውም ፌስታል ውስጥ ይሁን ያልኩት ልዩነቱ ከጋቢው ብቻ እንዲመጣ ነው።

7. በብርጭቆ ሁለት ፈጣን ጨዋታዎች።

ሀ) ባለቀለሙን በረዶ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ወይም በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ጣሉት፤ ውሃውን አታማስሉ። በረዶው ከላይ ተንሳፍፎ፣ ቀለሙ እንደ ጭስ ወደ ታች ይወርዳል። በረዶ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ከእሱ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ግን ከለብታው ስለሚከብድ ይሰምጣል።

ለ) በረዶ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ቀለም ያለው ውሃ እስከ አፉ ጢም አድርጋችሁ ሙሉ። «ሲቀልጥ ይፈስሳል?» በሉ። አይፈስስም፤ በረዶው ቀልጦ የሚይዘው ቦታ፣ ተንሳፍፎ ሳለ ውሃ ውስጥ የያዘውን ያህል ነው። ግን ተዘጋጁ፦ ጥቂት ቆይቶ የብርጭቆው ውጭ ያልበዋል፣ ልጆቹም «ፈሰሰ! ቀዳዳ አለው!» ይላሉ። ውሃው ቀለም ይኑረው ያልኩት ለዚህ ነው። ውጩን በነጭ ሶፍት ጥረጉና አሳዩዋቸው፤ ሶፍቱ ላይ ቀለም የለም። ከውስጥ የወጣ ቢሆን ይቀላ ነበር። ያ ውሃ የመጣው ከአየሩ ነው፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛው ብርጭቆ ላይ ሲደርስ ጠብታ ይሆናል።

8. የማንጎ በረዶ።

መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ አለበለዚያ ሌላው ጨዋታ ይረሳል። አንድ ኩባያ የማንጎ ጭማቂ በንጹሕ ወፍራም ፌስታል አድርጋችሁ አየሩን አስወጡና አጥብቃችሁ እሠሩ፤ ሌላ ፌስታል ደርቡበት። አንድ ኪሎ ያህል በረዶ ጆንያ ውስጥ አድርጋችሁ እናንተው ሰባብሩ። በትልቅ ፌስታል ውስጥ በረዶውን ከሩብ ኪሎ ጨው ጋር ደባልቁ፣ ጭማቂውን መሐል ቅበሩ፣ እሠሩና በጋቢ ጠቅልሉ። ጋቢው እዚህ ሁለት ሥራ አለው፤ ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ የልጆቹን እጅም ይጠብቃል። ተራ በተራ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያወዛውዙት። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ጠርዙ ይረጋና መሐሉ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል።

በረዶ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ይጠይቋችኋል። የሚቀልጥ ንጹሕ በረዶ ዜሮ ዲግሪ ላይ ነው፤ ጭማቂ ስኳር ስላለበት ለመርጋት ከዜሮ በታች ይፈልጋል። ጨው በረዶውን ከዚያ በታች ያወርድለታል።

ፌስታሉን ከመክፈታችሁ በፊት ውጩን በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ይህን ስለዘለሉ ብቻ ሙሉውን ማንጎ ጨዋማ አድርገው የጣሉ አሉ።

ተደጋግመው የማያቸው ስሕተቶች

- በፀሐይ መሐል መጀመር። ከ4 ሰዓት በኋላ ከሆነ ቤት ውስጥ ሊሾ ላይ ይሻላል።
- ትንንሽ መጫወቻ ማርጋት። ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ሳንቲም ሲወጣ ቀጥታ አፍ ውስጥ ይገባል።
- ፊኛ ውስጥ ውሃ ማርጋት። ያምራል፣ የተቀደደው ቁራጭ ግን ሕፃንን ያንቃል። የታሠረ ፌስታል ተመሳሳይ ክብ ይሠራል፤ ፌስታሉን ግን ልጥ አድርጋችሁ ለልጁ በረዶውን ብቻ ስጡት።
- ሁሉንም ደረጃ በአንድ ጠዋት መጨረስ። ለ3 ዓመት ልጅ 3ኛውና 4ኛው ይበቃሉ። እጁ ሲቀላ ወይም «በረደኝ» ሲል ደረቅ ፎጣ ሰጥታችሁ አሳርፉት።
- ካርካዴና ቀይ ሥርን በነጭ ልብስ ማጫወት። እድፉ ቶሎ አይለቅም።
- ጨው የነካ እጅ ዓይን ላይ። ከጨው ጨዋታ በኋላ ወዲያው ይታጠቡ፤ ዓይን ከነካም በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ።

ሲያልቅ የቀረውን ውሃ በሁለት ለዩት። ጨው ያልነካውን ልጆቹ በጣሳ ወስደው ፓፓያው ወይም ኒሙ ሥር ያፍስሱት። ጨው ያለበትን እናንተ ፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ድፉት፤ ጨው ከአፈር ጋር ሲቀር ሥሩ ውሃ እንዳይስብ ያደርግና ተክሉን ያደርቀዋል።